ካባ የለበሱ ባለእጆች

ከአያት ሣጥን ውስጥ ወይም ከአሮጌ ገንዘብ ሰብሳቢ ዘንድ በጃንሆይ ዘመን የታተመ የወረቀት ብር ቢገጥማችሁ፣ ማጉያ መነጽር ፈልጉና የንጉሡን ጉንጭ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ጉንጭ የሚባል ነገር አታገኙም። የምታገኙት ትልም ነው። ጎን ለጎን የተሰለፉ ቀጫጭን መስመሮች ጥላ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ወፈር ይላሉ፤ ብርሃን ያረፈበት ቦታ ሲደርሱ እየሳሱ ይጠፋሉ። ብሩን ከዓይናችሁ ስታርቁት ትልሙ ይሰወርና ንጉሡ ይመለሳሉ።

ይህን ዘዴ የገንዘብ አታሚዎች አልፈጠሩትም፤ ወርሰውት ነው። ካወረሷቸው መሐል ዋነኞቹ ባሮክ በሚባለው የአውሮፓ የጥበብ ዘመን፣ በተለይ በ1600ዎቹ፣ በአንትወርፕ፣ በሮም፣ በፓሪስና በአምስተርዳም የሠሩ መዳብ ቀራጮች ናቸው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የንጉሥ፣ የካርዲናልና የጦር አዛዥ መልክ መቅረጽ እንጀራቸው ነበር። እኔን የሚስበኝ ግን ለእንጀራ የሠሩት ሳይሆን የሙያ ጓደኞቻቸውን የሠሩበት ነው፦ ሠዓሊ የሠዓሊን፣ ቀራጭ የቀራጭን መልክ። እዚያ ላይ አንድ ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። የሥራ ባልደረባህን መልክ ለትውልድ ስታስቀር ምን ታለብሰዋለህ? በእጁስ ምን ታስይዘዋለህ?

ጥያቄው ለምን ከባድ እንደነበር ለመረዳት መጀመሪያ የእጁን ሥራ ማየት ይበጃል።

ቀራጩ ፊት የተወለወለ የመዳብ ሰሌዳ አለ፣ ከመስታወት የማይተናነስ። ሰሌዳው አሸዋ በተሞላ የቆዳ ትራስ ላይ ተቀምጧል። በቀኝ እጁ የያዘው መቅረጫ ቡሪን ይባላል፦ ጫፉ በሰያፍ የተሳለ የብረት ዘንግ ነው፤ እጀታው እንደ እንጉዳይ ክብ ሆኖ መዳፍ ውስጥ ገጥሞ ይቀመጣል። እንደ እስክርቢቶ አይጻፍበትም። ይገፋል፤ እንደ ማረሻ ወደፊት ይሄዳል፣ መዳቡንም እየላጠ ቀጭን ጥምዝ ብረት ከፊቱ ያስነሳል። ኃይሉ ከጣት ሳይሆን ከመዳፍና ከትከሻ ይመጣል። የጉንጭ ክብነት ለማውጣት መስመሩ መጠምዘዝ ሲኖርበት መቅረጫው ቦታውን አይለቅም፤ ግራ እጅ ሰሌዳውን በትራሱ ላይ ያዞረዋል። ጠበቅ አድርጎ ሲገፋ ትልሙ ይጠልቃል፣ ይሰፋል፣ ብዙ ቀለም ይይዛል፤ ቀለል ሲያደርገው ይሳሳል። አንዴ የታረሰውን መሬት አቋርጦ እንደሚደግመው ገበሬ ደግሞ ሌላ ሰልፍ በሰያፍ ይጨምርበታል። መስመሮቹ ሲቆራረጡ በመሐል ትንንሽ ባዶ መደቦች ይቀራሉ፤ ረቂቅ የሆነ ባለሙያ በእያንዳንዳቸው ውስጥ እንደ ጤፍ ፍሬ አንዳንድ ነጥብ ይጥልባቸዋል። የአንድ ሰው ፊት በዚህ መንገድ ሳምንታት ይፈጃል። እጅ አንድ ጊዜ ከተንሸራተተ ጭረቱን ለማጥፋት ሰሌዳውን ፍቆ፣ ከጀርባው በመዶሻ መትቶ፣ እንደገና መወልወል ነው።

ከዚያ ሰሌዳው ለአታሚው ይሄዳል። አታሚው ያሞቀዋል፣ ወፍራም ጥቁር ቀለም ይቀባዋል፣ ላዩን በጨርቅ፣ መጨረሻም በመዳፉ ይጠርገዋል፤ ቀለሙ በትልሙ ውስጥ ብቻ ይቀራል። እርጥበት ያለው ወረቀት ተደርቦ፣ በላዩ ለስላሳ የሱፍ ጨርቅ ተደርጎ፣ በሁለት ከባድ ጥቅልሎች መሐል ሲያልፍ ወረቀቱ ወደ ትልሙ ገብቶ ቀለሙን ይዞ ይወጣል። ሥዕሉ የሚወጣው ግራና ቀኙ ተገልብጦ ነው። ይህ አንድ የሚያስደስት ነገር ያስከትላል፦ በመስታወት ራሱን እያየ በቀጥታ መዳብ ላይ የሣለ ሰው አንዴ በመስታወቱ፣ አንዴ በህትመቱ ሁለት ጊዜ ስለሚገለበጥ፣ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ሰዎች የሚያውቁት ትክክለኛ ፊቱ ነው።

ሌላም መንገድ ነበር፤ ቡሪን መግፋት ያልተማረ ሠዓሊ የሚመርጠው። መዳቡን ሰም በተቀላቀለበት ልባስ ሸፍኖ፣ በመርፌ ልባሱን ብቻ እየጫረ እንደ ብዕር ይሥላል፤ ከዚያ አሲድ ያፈስበታል። አሲዱ የተጫረውን ቦታ እየበላ ትልሙን ይቆፍርለታል። አዝጋሚውን ቡሪን በትዕግሥት የሚገፋው ባለሙያ ቀራጩ ነው፤ በመርፌ የሚጫወተው ብዙውን ጊዜ ሠዓሊው ራሱ ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ ኋላ ጠብ ያስነሳል።

ከባሮክ ዋዜማ አንድ እጅ ላሳያችሁ። ሆላንዳዊው ሄንድሪክ ጎልትሲየስ ሕፃን ሳለ እሳት ላይ ወድቆ ቀኝ እጁ ተቃጠለ፤ ጣቶቹ እንደልብ የማይዘረጉ ሆነው ቀሩ። ያ ሰው ነው በዘመኑ በቡሪን የሚስተካከለው ያልነበረው። እየወፈረ እየቀጠነ የሚሄደውን መስመር ከማንም በላይ ያራቀቀው እሱ ነው፤ ከእሱ በኋላ የመጡት የመልክ ቀራጮች ሁሉ ዕዳው አለባቸው። በ1588 ያንኑ የተኮማተረ እጁን ለብቻው፣ ያለ ፊት ያለ አካል፣ በብዕር ሣለው። ሥዕሉ ዛሬ ሐርለም ከተማ በቴይለርስ ሙዚየም ይገኛል። ራሱን እንዲያሳይ የተጠየቀ ሰው እጁን ሲያወጣ ማየት ያስደንቃል፤ ምክንያቱም በሚቀጥሉት መቶ ዓመታት የሙያ ጓደኞቹ ሲያደርጉት የምናየው ተቃራኒውን ነው።

በአማርኛ «ባለእጅ» የሚለው ቃል ምን እንዳሸከመ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ብረት የቀጠቀጠ፣ ሸክላ የሠራ፣ ጥበብ የሸመነ ሰው እጁ ተፈልጎ ስሙ የተናቀበት ዘመን ሩቅ አይደለም። በአውሮፓ የሠዓሊ ነገር የዚያን ያህል የከፋ አልነበረም፤ ቡዳ ያለው የለም። ሆኖም ሠዓሊ የእጅ ሠራተኛ ነበር። እንደ ሌላው ባለሙያ የማኅበር አባል ሆኖ መዋጮ ይከፍላል፣ ደቀ መዝሙር ያስመዘግባል። ማኅበሩ በብዙ ከተሞች በቅዱስ ሉቃስ ስም የሚጠራ ነበር፤ ወንጌላዊው የእመቤታችንን ሥዕል ሥሏል የሚለው ትውፊት እኛ ዘንድ እንደሚታወቀው እዚያም ይታወቃል። ሉቃስ ጠባቂያቸው መሆኑ ክብር ነው። ግን በአንዳንድ ከተማ በዚያው ማኅበር ውስጥ መስታወት ሠሪና ወርቅ ቀቢ አብረው ይቀመጣሉ። በእጅ ከሚሠሩት ወጥቶ በአእምሮ ከሚሠሩት ከባለቅኔውና ከሊቁ ጎራ መግባት የዘመኑ ሠዓልያን ትልቅ ምኞት ነበር። የመዳብ ሥዕል ለዚህ ምኞት የተመቸ መሣሪያ ሆነ፤ ርካሽ ነው፣ ይባዛል፣ ድንበር ይሻገራል። ባለቀለም ሥዕል አንድ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፤ የመዳቡ ግን ከአንድ ሰሌዳ በመቶዎች ይታተማል።

በሮም ኦታቪዮ ሌዮኒ የሚባል ሰው ነበር። በዘመኑ ወሬ አንድን ሰው አንዴ ገርመም አድርጎ ወደ ቤቱ ሄዶ መልኩን በትክክል የሚያወጣ ነው። በሰማያዊ ወረቀት ላይ በጠመኔ የሣላቸው ፊቶች ብዙ ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ ሠዓሊው ካራቫጆ ነው። ዩሮ ከመምጣቱ በፊት ጣሊያኖች በ100,000 ሊሬ ኖታቸው ላይ ያኖሩት የካራቫጆ መልክ ከዚያ ሥዕል የተወሰደ ነው። ሌዮኒ ከ1621 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሙያ ጓደኞቹን በመዳብ አወጣ፤ ፊቱን በነጠብጣብ፣ ልብሱን በመስመር። ዝርዝሩ የሮምን ጠብ ሁሉ የያዘ ነው። ባልዮኔ አለ፤ በ1603 ካራቫጆን በስድብ ግጥም ስሜን አጥፍቷል ብሎ ፍርድ ቤት ያቆመው። የባልዮኔ ወዳጅ ሳሊኒም አለ። ካራቫጆ በዚያው ችሎት «ጓደኛዬ አይደለም፣ ግን ጥሩ ሠዓሊ ነው» በሚል መንፈስ የመሰከረለት ካቫሊየሬ ዳርፒኖም አለ። በሌዮኒ መዳብ ላይ ሁሉም አንገታቸውን ቀና አድርገው በሰላም ተቀምጠዋል። በ1622 ወጣቱን ቤርኒኒን ሠራው፤ ሐውልት ቀራጩ ቤርኒኒ ከዓመት በፊት በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ እጅ የፈረሰኛ ማዕረግ ተቀብሎ ስለነበር ስሙ ከነማዕረጉ ተጽፏል። መዶሻና መሮ የለም። ያለው የእብነ በረድ አቧራ ነክቶት የማያውቅ የሚመስል መልከ መልካም ጎረምሳ ነው።

ነገሩን ወደ ትልቅ ደረጃ ያደረሰው ግን አንትወርፓዊው አንቶኒ ቫን ዳይክ ነው። ከጣሊያን ቆይታው ከተመለሰ በኋላ፣ በ1630 ገደማ፣ የዘመኑን ታዋቂ ሰዎች መልክ በመዳብ አሰባስቦ ለማውጣት ተነሳ። በተለምዶ «ኢኮኖግራፊ» የሚባለው ስብስብ ይህ ነው። በአሳታሚው ማርቲን ቫን ደን ኤንደን በኩል የወጣው 80 መልክ ነበር። ቁጥሩን ዘርዝረን ስናየው ሐሳቡ ይገለጣል፦ 16ቱ መሳፍንትና የጦር አዛዦች ናቸው፣ 12ቱ የመንግሥት ሰዎችና ሊቃውንት፤ የቀሩት 52ቱ ሠዓልያን፣ ቀራጮችና ሥዕል ወዳዶች ናቸው። አንባቢ የጄኔራሎቹን ፊት ለማየት ገልጦ ሳያውቀው የአንትወርፕን የቅዱስ ሉቃስ ማኅበር ያገኛል። ወረቀቱ እኩል ነው፣ ከሥር ያለው የላቲን ጽሑፍም በአንድ ወግ የተቀመጠ ነው። ለንግሥት የተሰጠው የወረቀት መጠን የአደንና የእንስሳት ሠዓሊ ለሆነው ለፍራንስ ስናይደርስም ተሰጥቶታል። ባለእጅን ከመስፍን ጎን ማስቀመጥ በቃል ቢነገር ያስቆጣ ነበር፤ በሥዕል ሲቀርብ ማንም አልተቃወመም።

በእጃቸው ምን ያዙ? አብዛኞቹ ምንም። ካባ ይዘዋል። የቫን ዳይክ ሠዓልያን ትከሻቸው ላይ ሰፊ ካባ ጥለው፣ ጫፉን በአንድ እጅ ሰብሰብ አድርገው፣ ወዲያ ዞር እንዳሉ ተጠርተው የተመለሱ ይመስላሉ። ቀለም የነካው ጥፍር አይታይም። ካባ በእኛም አገር የሹመት ልብስ ስለሆነ ነገሩ ትርጉም አያስፈልገውም፤ ሠዓሊው ሥራ ላይ ሳይሆን አደባባይ ላይ ነው። ቫን ዳይክ ራሱ በዚህ የሚታማ አይደለም። በ1632 የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ የፈረሰኛ ማዕረግ ሰጥቶታል፤ ኋላም የወርቅ ሐብል አጥልቆለታል።

የመጀመሪያ ንድፉን ቫን ዳይክ በጠመኔ ወይም በቡናማ ቀለም ይሠራል፤ ቡሪኑን የሚገፉት እንደ ፓውሉስ ፖንቲየስ፣ ስኬልተ ቦልስወርትና ሉካስ ፎርስተርማን ያሉ ባለሙያዎች ናቸው። አሥራ ስምንት ያህሉን ሰሌዳ ግን በገዛ እጁ በመርፌና በአሲድ ሠርቷል። ከነዚያ ውስጥ መስፍን አንድም የለም፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሙያ ጓደኞቹ ናቸው። ለታላላቆቹ ሌላ ሰው ቀጠረላቸው፤ ለወዳጆቹ ራሱ መርፌ አነሳ።

ከእነሱ አንዱን፣ የታናሹን ፒተር ብሩግልን መልክ እዩት። ሽማግሌው ፊቱ ተጠናቋል፤ የጢሙ ጸጉር አንድ ባንድ ይቆጠራል፣ ከዓይኑ ሥር ያለው ቆዳ በጥቃቅን ነጥብ ተልፈስፍሷል። ከአንገት በታች ግን መርፌው ይፈጥናል። ልብሱ በጥቂት ጭረት ይነገርና ያበቃል፤ ከጀርባው ባዶ ወረቀት ብቻ ነው። የስናይደርስም እንዲሁ ነበር፦ ፊት ሙሉ፣ አካል በመስመር ብቻ የተነካ። ቫን ዳይክ ካረፈ በኋላ ባዶው ቦታ ዕረፍት የነሣው አሳታሚ ያዕቆብ ኔፍስ ለሚባል ቀራጭ ሰጥቶ አስሞላው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ያዝናል። መጀመሪያ ከወረቀቱ ተንሳፍፎ የሚመጣው ፊት፣ ከተሞላ በኋላ ከዕቃ መሐል የተቀመጠ ዕቃ ይሆናል። በቫን ዳይክ በራሱ መልክ ላይ የደረሰውማ የባሰ ነው። ትከሻውን ተሻግሮ ወደኋላ የሚመለከት ጭንቅላት ብቻ፣ በትልቅ ባዶ ሰሌዳ አናት ላይ፤ ሌላ ምንም የለም። ሠዓሊው በ1641፣ በ42 ዓመቱ ሞተ። በ1645 አሳታሚው ሂሊስ ሄንድሪክስ ሰሌዳዎቹን ገዝቶ ስብስቡን 100 አድርሶ ሲያሳትም ያንን ጭንቅላት ለመክፈቻ ገጽ ፈለገው። ኔፍስ አንገቱን ከእብነ በረድ ደረት ጋር ቀጠለው፣ ከሥሩ መደብ ሠራለት፣ በመደቡም ላይ ርእሱን ቀረጸበት። ሕያው ዓይን ያለው ሐውልት ሆነ።

አሁን ወደ ጠቡ።

በመዳብ ሥዕል ግርጌ ጥቃቅን የላቲን ቃላት አሉ፤ ማንበብ ለለመደ ሰው የደመወዝ ዝርዝር ያህል ግልጽ ናቸው። «ፒንክሲት» ሣለው ማለት ነው፤ ስሙ የሠዓሊው ነው። «ስኩልፕሲት» ቀረጸው፤ የቀራጩ። «ኤክስኩዲት» አሳተመው፤ ገንዘቡን ያወጣው ነጋዴ። ሦስት ስም፣ አንድ ወረቀት። ክብሩ የማን ነው? ፎርስተርማን መልሱ «የእኔ» የመሰለው ሰው ነበር። ወጣት ሳለ በታላቁ ሠዓሊ በሩበንስ ቤት ሥዕሎቹን ወደ መዳብ የሚያዞርለት ዋና ቀራጭ ሆነ። ሩበንስ ከ1619 ጀምሮ በየአገሩ ማንም ሥራዬን እንዳይቀዳ የሚል የህትመት መብት ያሰጠ ጠንቃቃ ነጋዴ ነው፤ እያንዳንዱን የሙከራ ህትመት እያየ በብዕር ያርማል። ፎርስተርማን በዚያ ቀንበር ሥር ደከመ፣ ዓይኑም ተጎዳ። በ1622 ሩበንስ ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ቀራጩ በትዕቢት መነፋቱን፣ የሥዕሉ ዋጋ ያለው በእኔ ቅርጽና ዝና ነው ማለቱን እያማረረ ሥራው ሁሉ መቆሙን ይገልጻል። ነገሩ እጅ ወደ መሰንዘር እንደደረሰ የሚያሳይ ሰነድም አለ፤ በዚያው ዓመት ወዳጆቹ ለአገሩ ገዥ ለኢዛቤላ አቤት ብለው ለሩበንስ ነፍስ ጥበቃ አስፈቅደዋል።

የታሪክ ጸሐፊዎች ፎርስተርማንን ቁጡ፣ ምናልባትም አእምሮው የተነካ ብለው ያልፉታል። እኔ ግን የቀራጩ ክርክር እንዲህ በቀላሉ የሚጣል አይመስለኝም። የሩበንስን ሥዕል ዓይኑ ያየው ሰው በዘመኑ ስንት ነበር? ከፖላንድ እስከ ፔሩ ሩበንስን ያወቁት በጥቁርና በነጭ፣ በሌላ ሰው ትልም ነው። ቀይ ቀለምን ያለ ቀይ ማስነበብ፣ ሐርን ከብረት በመስመር አካሄድ ብቻ መለየት፣ ያ ቅጂ ከሆነ የመተርጎምም ሥራ ቅጂ ነው።

ፎርስተርማን ወደ እንግሊዝ ተሰደደ፤ በ1630 ገደማ ሲመለስ የተቀበለው ቫን ዳይክ ነበር። ሥራ ሰጠው፤ የቀራጩ ልጅ ስትወለድም ክርስትና አነሣት። ከዚያ በገዛ መርፌው ከሣላቸው ጥቂቶች አንዱ አደረገው። ፎርስተርማን ካባውን ሰብስቦ ተጀቡኖ ወደ ጎን ይመለከታል፤ ጸጉሩ አልተበጠረም፣ ቅንድቡ ተሰብስቧል፣ በር ላይ ኮቴ የሰማ ሰው ይመስላል። ቡሪን አልያዘም። ዓይኑ ግን አለ፤ ኋላ በእርጅናው ብርሃኑን ያጣበት ዓይን። አንድ ሠዓሊ ለአንድ መዳብ ቀራጭ ከዚህ የበለጠ ክብር የሰጠበትን ሌላ ሥራ አላውቅም።

ከዚሁ ስብስብ አንድ ፊት እኛን ይመለከታልና መንገድ ልሳት። ፎርስተርማን ከቀረጻቸው ሊቃውንት አንዱ ፈረንሳዊው ፔይሬስክ ነው፤ የሩበንስ የልብ ወዳጅ፣ ያልሰበሰበው ነገር የሌለ ሰው። መጽሐፈ ሄኖክ በግእዝ እንዳለ ከግብፅ ከተመለሰ መነኩሴ ሰምቶ እንቅልፍ አጣ፤ ብዙ ወጪ አድርጎ አንድ የብራና መጽሐፍ አስመጣ። ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ የግእዝ ሊቁ ሂዮብ ሉዶልፍ ፓሪስ ላይ ብራናውን ገልጦ ሲያነበው ሄኖክ ሆኖ አልተገኘም። ሉዶልፍ ግእዝና አማርኛውን የተማረው ከመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ነው። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 በመርከብ አደጋ ካረፉ በኋላ ሉዶልፍ በ1691 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ማብራሪያው ውስጥ የመምህሩን መልክ በህትመት አኖረ። ዛሬ በየመጽሐፉ የምናየው የአባ ጎርጎርዮስ ፊት ያ ነው። ወዳጅ ለወዳጅ ያሠራው የባሮክ መልክ።

በፈረንሳይ ነገሩ መንግሥታዊ ሆነ። ሮቤር ናንተይ የሰውን ፊት ከሕይወት ሥሎ ራሱ የሚቀርጽ፣ ከሁለት መቶ በላይ መልክ ያወጣ ሰው ነው። በ1660 ሉዊ አሥራ አራተኛ በሴን ዣን ደ ሉዝ ባወጣው አዋጅ መዳብ መቅረጽ ከማኅበር ግዴታ ነፃ የሆነ ጥበብ ተባለ። ቀራጭ በሕግ ባለእጅነቱ ቀረ። ንጉሣዊው የሥዕል አካዳሚ በበኩሉ ኋላ ላይ መግቢያ ፈተና አደረገው፦ አባል መሆን የሚፈልግ ቀራጭ የሁለት ነባር አባላትን መልክ ቀርጾ ሰሌዳውን ያስረክባል። ዣን ኦድራን በ1708 የሐውልት ቀራጩን የኩዋዝቮን መልክ ያስረከበው ለዚህ ነው። ከበርሊን የመጣው ጌዮርግ ፍሪድሪኽ ሽሚት ደግሞ በ1744 የሠዓሊውን የሚኛርን መልክ አቅርቦ ገባ፤ ፕሮቴስታንት ስለነበር የንጉሡ ልዩ ፈቃድ አስፈልጎታል። በእጅ ሥራ ረገድ እነዚህ የሚደረስባቸው አይደሉም። ለእኔ ግን ጨርቁ በዛ። ሐሩ፣ ከፋዩና ነፋስ የያዘው መጋረጃ ገጹን ሞልቶ ፊቱ በልብስ ክምር ላይ የተቀመጠ ፍሬ ይመስላል። ካባው ለባሹን ዋጠው።

ከፈረንሳዮቹ አንዱን ግን አልነካም። ጄራር ኤድሊንክ የአንትወርፕ ልጅ ነው፣ ፓሪስ ኖሮ የሞተ። ፊሊፕ ደ ሻምፓኝም ከብራስልስ መጥቶ ፓሪስ የቀረ ሠዓሊ ነው። ሻምፓኝ በ1668 ራሱን ሣለ፤ ጥቁር ለብሶ ዛፍ ሥር ተቀምጧል፣ ከኋላው በሩቅ የተወለደባት ብራስልስ ትታያለች። በ1674 ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኤድሊንክ ያንን ሥዕል በመዳብ አወጣው፤ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚወደው እሱን እንደነበር ይነገራል። ጥቁሩ ልብስ ጥቁር ብቻ አይደለም፣ እጥፋቱ በመስመር መጥበቅና መላላት ይተነፍሳል። ስደተኛ የስደተኛን አገር ሲቀርጽ መቅረጫው ሳይቀልል አይቀርም።

አምስተርዳም ላይ ሠዓሊው ሬምብራንት የቫን ዳይክን ስብስብ ያውቀው ነበር። በ1656 ዕዳ ውጦት ንብረቱ ሲመዘገብ ከመዝገቡ ውስጥ የቫን ዳይክና የሩበንስ መልኮች ያሉበት አንድ ጥራዝ አለ። በ1647 ገደማ የመልክዓ ምድር ሠዓሊውን ያን አሰላይንን በአሲድ ሠራ። አሰላይን አጭር ነበር፤ ጣቶቹ ጠማማ ስለሆኑ ሮም ሳለ ጓደኞቹ «ትንሹ ሸርጣን» ይሉት ነበር። ሬምብራንት ያንን እጅ ለሳቅ አያቀርበውም፤ ሰውየው ደልደል ብሎ፣ ጌታ መስሎ ቆሟል። በመጀመሪያው ህትመት ከኋላው የሥዕል ማቆሚያና ከላዩ ሥዕል ነበር። ሬምብራንት ሰሌዳውን መልሶ አነሣና ማቆሚያውን ፍቆ አጠፋው። ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋለትም፤ በኋለኞቹ ህትመቶች ላይ ትኩር ብሎ ላየ ሰው የሙያ ዕቃው ጥላ ከሰውየው ጀርባ አሁንም አለ።

ንብረቱ በተመዘገበበት በዚያው በ1656 ሬምብራንት ሌላ ሰው አስቀመጠ፤ አንጥረኛውን ዮሐንስ ሉትማን። ሽማግሌው ሰባውን አልፏል፤ ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ተደላድሎ ዓይኑን ሰበር አድርጓል። በእጁ ትንሽ የብረት ምስል ይዟል። በጎኑ ካለው ጠረጴዛ ላይ በራሱ እጅ የተቀጠቀጠ የብር ሳህን፣ መዶሻና በዕቃ የተቀመጡ ቀጫጭን መምቻዎች አሉ። የሚፈቅ አልተገኘም። ሬምብራንት ሰሌዳውን እንደገና ሲያነሣ የጨመረው መስኮት ነው፤ ብርሃን ገብቶ መሣሪያዎቹ ላይ እንዲያርፍ።

ሉትማ ዮሐንስ የሚባል ልጅ ነበረው፣ እሱም አንጥረኛ። አባቱ ከሞተ ከዓመታት በኋላ፣ በ1681፣ ልጁ የአባቱን መልክ በመዳብ ሊያወጣ ተነሣ። ቡሪን አላነሣም፤ አሲድም አላፈሰሰም። የቤቱን መምቻና መዶሻ ወሰደ፣ ብር በሚመታበት መንገድ መዳቡን ነጥብ በነጥብ መታው። ጉንጩ፣ ግንባሩና ጢሙ ከመዶሻ ምት የወጡ ናቸው። ሌሎች «ስኩልፕሲት» በሚጽፉበት ግርጌ ላይ በላቲን «ኦፑስ ማሌይ» ብሎ መታበት፤ የመዶሻ ሥራ።